ከታዛ እስከ በረንዳ

በምሥራቅ ጎጃም የቤት ደጅን በአትክልት ማስጌጥ ከበረንዳ ይቀድማል። በቢቸና፣ በሞጣና በየጥኖራ ዙሪያ የሣር ክዳን ጎጆ በበዛበት ዘመን በረንዳ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበረው ታዛ ነው። የክዳኑ ሣር ከግድግዳው አልፎ ወደ ታች ሲያዘነብል ከሥሩ ጠባብ ጥላ ይቀራል፤ ዝናብ የማይደርስበት፣ ከውጭም ከውስጥም ያልሆነ ቦታ። በበሩ ጎን ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ አለ፤ እንግዳ አረፍ ይልበታል፣ አዛውንት የጠዋት ፀሐይ ይሞቁበታል፣ ሴቶች ጥጥ ይፈትሉበታል። ከመደቡ ማዶ፣ የክዳኑ ጠፈጠፍ መሬቱን ቦርቡሮ መስመር ከሚያሰምርበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ጤና አዳም ይበቅላል።

ያን ደጅ የሚያስታውስ ሰው ከመልኩ ይልቅ ሽታው ይቀድምለታል። የጤና አዳም ቅጠል ዘይት የሚይዙ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉት፤ ቀሚስ ወይም ነጠላ ሲነካው ዘይቱ ይፈነዳና አየሩን ይሞላዋል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ሳያስበው፣ የቤቱን ሽታ እየቀሰቀሰ ነበር የሚገባው። ቁጥቋጦው ረጅም አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት እስከ ወገብ ነው። ቅጠሉ አመድ የነካው አረንጓዴ፣ አበባው ብጫና ትንሽ ነው። ለዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ከበሩ አጠገብ ባልተከለው ነበር። የተተከለው እጅ እንዲደርስበት ነው፤ ቡና ሲፈላ አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሶ ሲኒው ውስጥ ለማድረግ፣ ሆዱን ለታመመ ልጅ ለመጭመቅ፣ ቡዳ ይፈራል ተብሎም ከልጅ አንገት ለማሰር።

ከጤና አዳም ጎን የሚቆሙት ሌሎቹም እንደዚሁ ሥራ ያላቸው ነበሩ። ዳማከሴ ምች ለመታው ሰው ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ይቀባል። በሶብላ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ይገባል፤ ሲያብብ ደግሞ ራሱን የቻለ ጌጥ ነው። አሪቲና ጠጅ ሣር ለበዓል ዋዜማ ይታጨዳሉ፤ ቤት ተጠርጎ፣ መሬቱ በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ ከቄጠማው ጋር ይጎዘጎዛሉ። ጌሾ ከሁሉም ረዘም ይላል፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አብረቅራቂ አረንጓዴ ስለሆነ ከቤቱ ጎን ሲቆም እንደ መጋረጃ ያገለግላል፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሆናል። አጥሩ ብዙ ጊዜ ሰንሰል ወይም ቅንጭብ ነው። ነጭ አበባ የሚያወጣው ሰንሰል በመስከረም ንቦች ይከቡታል። እንዲህ ያለ ደጅ ማን አስጌጠው ቢባል መልሱ የሚገኘው ከማጀት ነው። የደጁ አትክልት የባልትና አካል ነበር፤ የሴቲቱ ሙያ ከእንጀራዋና ከጠላዋ በፊት በደጇ ይታይ ነበር ማለት ይቻላል።

የአካባቢው አፈር ለዚህ ሥራ ቀላል አይደለም። ቢቸናና ዙሪያዋ በጤፍ የታወቁት ብዙውን በዋልካ ምክንያት ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጤፍ ይህን ይችለዋል። ጤና አዳም ግን ዝርያው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ደረቅ ተዳፋት የመጣ ስለሆነ ሥሩ በውኃ ውስጥ መቆም አይወድም፤ በዋልካ ላይ በቀጥታ የተተከለ እንደሆነ በሐምሌ ቅጠሉ ይገረጣል፣ በነሐሴ ከሥሩ ይበሰብሳል። የደጁ ባለሙያዎች መፍትሔውን ያገኙት በእጃቸው ባለው ነገር ነው። ድንጋይ በክብ ይደረደራል፤ መሐሉ በፍግ፣ በምድጃ አመድና ከወንዝ ዳር በመጣ አሸዋ ተደባልቆ ከመሬት ከፍ ይደረጋል። ሥሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጎርፉ በጎን ያልፋል። የተሰነጠቀ ጋን ወይም አንገቱ የተሰበረ እንስራ ያለው ቤት ደግሞ ስባሪውን አይጥለውም፤ አፈር ሞልቶ ከታዛው ጫፍ ያቆመዋል። የአካባቢው የመጀመሪያ የአበባ ማሰሮዎች እነዚህ ስብርባሪዎች ናቸው። ጠላ የጠመቀ፣ ውኃ የተሸከመ ሸክላ ዕድሜውን በደጅ ይጨርስ ነበር፤ ባለ ቀዳዳ ገላው ትርፉን ውኃ ያስወጣለትና ለተክሉ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ይስማማዋል።

የውኃው ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ከምንጭ በእንስራ የሚመጣ ውኃ ለአበባ አይፈስስም። ከኅዳር በኋላ ደጁን በሕይወት ያቆየው እጣቢ ነው፤ ጤፍ የታጠበበት፣ ሲኒ የተለቃለቀበት፣ እጅ የታጠበበት ውኃ። ከጀበናው የሚቀረው አተላ ከሥሩ ይደፋለታል። ማለዳ ማለዳ እጣቢ መድፋት የትንንሽ ልጆች ሥራ ነበርና ብዙ ሰው ስለ እናቱ ደጅ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ከሥሩ አፍስሺ፣ ቅጠሉን አታርጥቢው» የሚለው ነው። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ የሳሙናና የቅባት ቅሪት ያለበት ውኃ ቅጠሉ ላይ ሲደርቅ ያበላሸዋል።

በዓመቱ ውስጥ ደጁ ሙሉ በሙሉ የሚለበስበት አንድ ወቅት አለ፤ እሱም የዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። ምሥራቅ ጎጃም እንግጫ ነቀላ የሚባል የልጃገረዶች በዓል አለው። እንግጫ በመስኩ ላይ የሚበቅል ሣር መሰል ተክል ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰባስበው እየዘፈኑ ወደ መስኩ ይወጣሉ፣ እንግጫውን ከሥሩ ይነቅላሉ፣ አደይ አበባ ይቀጥፋሉ። ከዚያ እንግጫው እንደ ፀጉር ይጎነጎናል፤ በጉንጉኑ መሐል አደይ ይሰካበታል። የተጎነጎነው ለወላጆች ይበረከታል፣ ከቤቱ ምሰሶም ይታሰራል። ለደጅ ጌጥ ከዚህ የተሻለ አብነት በአገሪቱ ብዙ አይገኝም፤ ተክሉ ከሜዳ፣ ሙያው ከልጃገረዶቹ እጅ፣ ምክንያቱም ምርቃት ነው። አደይ ከሁለት ወር ያልዘለለ ዕድሜ ያለው አበባ ነው፤ ከተቀጠፈ በኋላም ቶሎ ይጠወልጋል። በዚያ ሰሞን ከቢቸና ወደ ሞጣ የተጓዘ ሰው ኮረብታው፣ የማሳው ድንበርና የመንገዱ ጠርዝ ብጫ ሆኖ ያየዋል፤ ከዚያ ብጫ ጥቂቱ በየቤቱ በር ይገኛል።

ከአደይ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ራሱ የአበባ ጊዜ ያውጃል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመውም በዚህ ጊዜ ነው። ቢቸና ከታላቁ የትምህርት ደብር ከዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ከደብረ ወርቅ ሩቅ አይደለችም፤ ስለዚህ በአካባቢው የቆሎ ተማሪ በየደጁ መቆሙ የዕለት ነገር ነበር። ዲማን በመላ አገሪቱ ያስታወቀው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ብዙ አንባቢ አካባቢውን በዚያ መጽሐፍ በኩል ያውቀዋል። አኮፋዳውን ያነገተ ተማሪ በማለዳ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም የሚቆምበት ቦታ ይኸው ታዛ ነው። ውሻ እንዳይዘው ዱላውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ቁራሽ እስኪመጣለት ከጤና አዳሙ አንድ ቅጠል ቆርጦ ያሸታል። ከጓሮው ሊወስድ የማይችለውን ከደጁ ቢወስድ ማንም አይከለክለውም፤ የደጅ ተክል የአላፊ አግዳሚም ነበርና።

በረንዳው የመጣው ከቆርቆሮና ከባሕር ዛፍ ጋር ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ተነስቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ከገባ በኋላ ቀስ በቀስ በየከተማው ተስፋፋ። ቀጥ ያለና ረጅም እንጨት በቀላሉ ሲገኝ ክብ ጎጆ ለአራት ማዕዘን ቤት ቦታ ለቀቀ። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ደግሞ በሁለት በሦስት ቋሚ የተደገፈ፣ ከመሬት አንድ ሁለት እርከን ከፍ ያለ መተላለፊያ ሆነ። በረንዳ የሚለው ቃል ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች በአንድ መልክ የሚጠቀሙበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው። አማርኛ ግን የራሱን ትርጉም ጨምሮበታል፤ ቤት የሌለው ሰው በረንዳ አዳሪ ይባላል። ታዛም እንደዚሁ ነበር፤ መንገደኛ ዝናብ ሲይዘው የሰው ታዛ ሥር ይጠጋል። ስሙ ቢለወጥም ቦታው የቤቱ ባለቤት ብቻ ያልሆነበት ጠባይ አልተለወጠም።

ከቆርቆሮ ክዳን ጋር ጠፈጠፉም ተለወጠ። ሣር ውኃውን እያንጠባጠበ ያወርደው ነበር፤ ቆርቆሮ ግን በአንድ ጊዜ ያንዠቀዥቀዋል፤ ከሥሩ ያለ ተክል አፈሩ ይታጠባል። አሸንዳ የገዛ ቤት ውኃውን ወደ በርሜል መለሰው፤ ያልገዛው አትክልቱን ከምድር አንስቶ ወደ በረንዳው አስገባው። ጣሳ የሚባለው የደጅ ዕቃ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ያፈሰሰ ሳፋ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፤ ሁሉም ከሥሩ በሚስማር ሦስት አራት ቦታ ይበሳል፣ ጠጠር ይጨመርበታል፣ ከዚያ አፈር። በር የተቀባበት ቀለም ተርፎ እንደሆነ ጣሳዎቹ በዚያው ቀለም ይቀባሉ። ስለዚህ አረንጓዴ በር ያለው ቤት አረንጓዴ ጣሳ፣ ሰማያዊ በር ያለው ሰማያዊ ጣሳ ነበረው፤ በዕቅድ ያልመጣ፣ ግን ዓይን የሚያሳርፍ አንድነት። ቀለሙ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ያልተቀባ ጣሳ በሁለት ሦስት ክረምት ዝጎ ሥሩ ይወልቃል።

በጣሳው ውስጥ የገባው ተክልም ሌላ ነው። ቀይና ሮዝ ጄራኒየም የከተማውን በረንዳ ወረሰ፤ መውረሱም ምክንያት አለው። ተክሉ ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣ ሲሆን ወፍራም ግንዱ ውኃ ያጠራቅማል፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሰው ቢረሳው እንኳ ቅጠሉን ጥሎ ይቆያል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይከብዳል፤ ሜዳ ላይ ያለ ለስላሳ ተክል ውርጭ ይመታዋል፣ ቆርቆሮው ሥር ያለው ግን ይተርፋል። ቡገንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከቋሚው ሥር በመሬት ይተከልና በሽቦ እየተመራ ክዳኑ ላይ ይወጣል። ሐምራዊው ነገር አበባ የሚመስል ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ያለችው ትንሽ ነጭ ነጥብ ናት። ጽጌረዳ ፀሐይ ስለምትፈልግ ከእርከኑ ዳር ትቀመጣለች። ጤና አዳም ግን አልተባረረም። ከጄራኒየሙ መሐል የራሱ ጣሳ ተሰጠው፤ በዚያ ልቅ አፈር ውስጥ በዋልካው ላይ ካየው የተሻለ ተመቸው ማለት ይቻላል።

የእነዚህን በረንዳዎች አበባ ካበዙት ሰዎች መካከል መምህራን፣ ነርሶችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ይገኛሉ። ተመድቦ የመጣ ሰው መሬት የለውም፤ የተከራየው ክፍልና ፊት ለፊቱ ያለው ሁለት ክንድ በረንዳ ብቻ ነው። የጣሳ ተክል ለእንዲህ ያለ ሰው ይመቻል። ዝውውር ሲመጣ ግን ፍራሽና ሳጥን የጫነ አውቶቡስ አሥራ ሁለት ጣሳ አይጭንም። ስለዚህ ጣሳዎቹ ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ ተጓዡ ከእያንዳንዱ አንድ ግንጣይ ቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልልና ይሄዳል። «እማማ፣ ከጤና አዳምዎ አንድ ግንጣይ ይስጡኝ» የሚለው ልመና በአንድ ከተማ ውስጥ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰማ መቁጠር አይቻልም፤ እምቢ የተባለበት ግን ብዙም አይታወስም።

መንገዱም ለበረንዳው አበባ ፈተና ነበር። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር። በበጋ አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ አቧራው የመንገድ ዳር በረንዳዎችን ሁሉ ያለብሳቸዋል። አቧራ የለበሰ ቅጠል ብርሃን አያገኝም፣ ይዳከማል። በዋና መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቅጠል የማጠብ ልማድ ነበራቸው፤ እርጥብ ጨርቅ ይዞ አንድ በአንድ። ለእሑድ ቤቱ ሁሉ እንደሚጸዳ ሁሉ ቅጠሉም ይጸዳል።

በ1970ዎቹ የአካባቢው ደጆች ቦታቸውን ለቀቁ። የጥኖራ በደርግ ዘመን በገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ በአገር ደረጃ ይነሳ ነበር፤ ከ1977 ዓ.ም. በኋላም የመንደር ምሥረታው ዘመቻ በብዙ ክፍላተ ሀገር ቤቶችን ከተበታተኑበት ሰብስቦ በመስመር አቆመ። ጎጆው ሲፈርስ እንጨቱና ክዳኑ ይጓዛል፤ መደቡና የድንጋይ ክቡ ይቀራል። በመስመር በተሠራ መንደር ውስጥ ሁሉም በር ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፤ ፀሐይ ለአንዱ ስትበዛ ለሌላው ታንሳለች፤ የቀድሞው ደጅ ግን የተመረጠው ፀሐይና ነፋስ ታይቶ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ማኅበራት መፍረስ ጀመሩ፤ ብዙ ሰው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ቤት እንዲህ ሁለት ጊዜ ሲነሳ ከደጁ ሊሄድ የሚችለው ግንጣዩ ነበር።

ግንጣይ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከዘር የበቀለ ተክል ልጅ ነው፤ ከግንጣይ የበቀለ ግን ራሱ እናቲቱ ናት፤ የዘር ውርሱ ከእሷ አይለይም። ከጎጆ ታዛ ሥር ተቆርጦ ወደ ጋን ስባሪ፣ ከጋን ወደ ጣሳ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ፣ ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ የተሻገረ ጤና አዳም ካለ፣ ሦስትና አራት ቤት የፈረሰበት ያው አንድ ተክል ነው። መስከረም ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ያላበበ የጣት ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ የታችኛው ቅጠል ይረገፍለታል፤ ጥላ ሥር በእርጥብ አሸዋ ከተተከለ በጥቂት ሳምንት ሥር ያወጣል።

እነዚህን ተክሎች በደጅ ማቆም የጎጃም ብቻ አይደለም። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉ ሕዝቦችም ጤና አዳምን ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ብለው የኖሩበት ዘመን ብዙ ነው። ሕንድ ውስጥ የሂንዱ ቤተሰቦች የበሶብላን የቅርብ ዘመድ ቱልሲን በግቢያቸው ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተክላሉ፣ ውኃ ያጠጧታል፣ ወደ እሷም ይጸልያሉ። የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችው በሶብላ በበቀለበት ቦታ ነው ይላሉ፤ በመስቀል በዓላቸውም ቄሱ በሶብላ ያድላል። በኢትዮጵያ ትውፊት እሌኒን የመራት የዕጣን ጢስ ነው፤ ሁለቱም ጋ መስቀሉን ያሳየው መልካም ሽታ መሆኑ ያስደንቃል።

ደጅን በእነዚህ የሚያስጌጥ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳቶችም አሉ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲመታው ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ ብዙ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው በማታ ቢቆርጥና እጁን ቢታጠብ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትጠጣው የሚነገረው ምክር ተገቢ ነው፤ ማሕፀንን ያነሳሳል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ልጆች በሚጫወቱበት በረንዳ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል።

ዛሬ በቢቸናና በሞጣ ብሎኬት ቤት፣ ሴራሚክ የለበሰ እርከንና የብረት ፍርግርግ እየበዛ ነው። ጣሳውን ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካንና ከገበያ የሚገዛ የፕላስቲክ ማሰሮ ተክተውታል። ፕላስቲክ አይዝግም፤ እንደ ሸክላ ግን አይተነፍስም፣ ቀዳዳው ካልበዛ ሥር ያበሰብሳል። መደብ የለም፤ በምትኩ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ከአገር የወጡት ደግሞ ግንጣይ ይዘው በቀላሉ መሻገር አይችሉም፤ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ሕይወት ያለው ተክል እንዲሁ አያሳልፍም። አሜሪካ ውስጥ ያሉት ግን የላቲን አሜሪካ ሰዎች ከሚገበያዩባቸው የችግኝ መደብሮች ያገኙታል፤ እነዚያም ከስፔኖች የወረሱት ተክል ነው፣ ሩዳ ይሉታል። ክረምት ሲገባ ማሰሮው ወደ መስኮት ይገባል፣ በግንቦት ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ቡና በሚፈላበት ቀን አንድ ቅርንጫፍ ይቀነጠስለታል።